ለሚንቀሳቀሰው አየሩን፣ ለማይንቀሳቀሰው ገመዱን፦ የቤት ዋይፋይንና የዲጂታል ሚዲያን ማደራጃ መመሪያ

ፊልም በመሀል ቀጥ ሲል፣ በቪዲዮ ጥሪ ላይ የሰው ፊት ደርቆ ሲቀር ወይም በጆሮ ማዳመጫ የሚሰማ ሙዚቃ ሲቆራረጥ አብዛኛው ሰው መጀመሪያ የሚያስበው አዲስ ዕቃ መግዛትን ነው። ለዓመታት የራሴንም የወዳጆቼንም ቤት ኔትወርክ ስፈታና ስገጥም የተረዳሁት ግን ችግሩ አብዛኛውን ጊዜ ከዕቃው ዕድሜ ሳይሆን ከአቀማመጡ የሚመነጭ መሆኑን ነው። ምክንያቱን ለመረዳት ስለ ዋይፋይ አሠራር አንድ ነገር ማወቅ ይበቃል፤ በመሠረቱ በአንድ ቻናል ላይ፣ ማለትም በአንድ የሬዲዮ ሞገድ መስመር ላይ፣ በአንድ ጊዜ መናገር የሚችለው አንድ መሣሪያ ብቻ ነው። ሌሎቹ ያደምጣሉ፣ አየሩ ጸጥ ሲል ጥቂት ጠብቀው ተራቸውን ይወስዳሉ፤ ሁለቱ ድንገት እኩል ከተናገሩ የሁለቱም መልእክት ይበላሽና እንደገና ይላካል። ስለዚህ ጥግ ላይ ተቀምጦ በደካማ ሲግናል ቀስ ብሎ የሚያወራ አንድ አሮጌ ቴሌቪዥን የራሱን ጊዜ ብቻ ሳይሆን ራውተሩ አጠገብ ያለውን የፈጣኑን ስልክ ጊዜም ይበላል።

ከዚህ ተነስቼ የምከተለው ደንብ አንድ ነው፤ ከቦታው የማይነሳ ዕቃ በገመድ ይያያዝ፣ አየሩ ለሚንቀሳቀሰው ይተውለት። ከዚህ በታች ያለው ሁሉ ይህ ደንብ በቤት ውስጥ እንዴት እንደሚፈጸምና በዚያ ኔትወርክ ላይ የሚጓዘው ሙዚቃና ፊልም እንዴት እንደሚያዝ የሚያስረዳ ነው። የተጠቀሱት ዓመታት በሙሉ እንደ ጎርጎርዮሳውያን አቆጣጠር ናቸው።

መጀመሪያ መለካት

ምንም ነገር ከመለወጥዎ በፊት ላፕቶፕዎን ከራውተሩ ጋር በኔትወርክ ገመድ ያያይዙ፣ ሌሎቹን መሣሪያዎች ሁሉ ለጊዜው ያላቅቁና ፍጥነቱን ይለኩ። ይህ ቁጥር ወደ ቤትዎ በትክክል የሚገባውን የኢንተርኔት መጠን ይነግርዎታል። ከዚያ ገመዱን ነቅለው በዋይፋይ ከራውተሩ ሁለት ሜትር ያህል ርቀው ይለኩ፤ ቀጥሎም ዘወትር በሚቀመጡበት ክፍል፣ በመጨረሻም ችግሩ በሚታይበት ጥግ። ውጤቱን በወረቀት ላይ ይጻፉ፤ በሌላ ሰዓትም፣ በተለይ ጎረቤቱ ሁሉ ቤቱ በሚገባበት ምሽት ላይ፣ ይድገሙት። በገመድ ያገኙት ቁጥር ራሱ ከከፈሉበት እጅግ ያነሰ ከሆነ ችግሩ ያለው ከቤትዎ ውጭ ነውና ምንም ዓይነት ራውተር አያድነውም። በገመድ ጥሩ ሆኖ ሁለት ሜትር ላይ ከወደቀ የሚመረመረው ቻናሉ ወይም ራውተሩ ራሱ ነው። ሁለት ሜትር ላይ ጥሩ ሆኖ ጥጉ ላይ ብቻ ከወደቀ ግን ጉዳዩ የአቀማመጥ ነው፤ የአቀማመጥ ችግር ደግሞ በነጻ ይፈታል።

እዚህ ላይ ብዙዎችን የሚያደናግር አንድ ነገር አለ። የኢንተርኔት ፍጥነት የሚነገረው በሜጋቢት ሲሆን የፋይል መጠን የሚነገረው በሜጋባይት ነው፤ አንድ ባይት 8 ቢት ስለሆነ 100 ሜጋቢት በሰከንድ ማለት ቢበዛ 12.5 ሜጋባይት በሰከንድ ማለት ነው። ፋይል ሲያወርዱ ያዩት ቁጥር ከተነገረዎት በስምንት እጥፍ ካነሰ ማንም አላታለለዎትም።

በስልክዎ ላይ የሚታዩት የሲግናል መስመሮች እያንዳንዱ አምራች በራሱ መንገድ የሚሥላቸው በመሆኑ ብዙ አይታመኑም። የሚታመነው ዲቢኤም የሚባለው መለኪያ ሲሆን በነጻ የሚገኙ የዋይፋይ መመርመሪያ መተግበሪያዎች ያሳዩታል። ቁጥሩ ከዜሮ በታች ነው፤ ወደ ዜሮ በቀረበ መጠንም ሲግናሉ ይጠነክራል። ከዜሮ በታች 50 እጅግ ጥሩ ነው፣ ከዜሮ በታች 67 አካባቢ ለቪዲዮ ጥሪ ይበቃል፣ ከዜሮ በታች 80 ላይ ሲደርስ ግን ግንኙነቱ ስም ብቻ ይሆናል። በዚህ መለኪያ 3 ቁጥር መውረድ የደረሰው ኃይል በግማሽ መቀነሱን፣ 10 ቁጥር መውረድ ደግሞ አንድ አሥረኛው ብቻ መቅረቱን ስለሚያመለክት ትንሽ የሚመስል ልዩነት ትልቅ ነው።

ራውተሩ የት ይቀመጥ?

ራውተር ውበት የለውም ተብሎ ከቴሌቪዥን ኋላ፣ ከቁም ሣጥን ውስጥ ወይም ከሶፋ ሥር ይደበቃል። ከሁሉ የከፋው ቦታ ከቴሌቪዥን ኋላ ያለው ነው፤ የቴሌቪዥኑ ጀርባ በአብዛኛው ሰፊ ብረት ስላለበት ሞገዱን ወደ ግድግዳው ይመልሰዋል። መስታወትም እንዲሁ ነው፤ መልክ የሚያሳየው የኋላ ቅብ ብረት ነውና። ብረት የታሰረበት ኮንክሪት ሞገዱን ክፉኛ ያዳክመዋል፣ ውኃ ደግሞ ይውጠዋል፤ የዓሣ ማሳደጊያ ገንዳም ሆነ በሰው የተሞላ ክፍል የሲግናል ጠላት የሚሆነው ለዚህ ነው። እንጨት፣ ጨርቅና ስስ ክፍልፋይ ግን ብዙም አይከለክሉትም።

የሚሻለው ቦታ በቤቱ መካከል፣ ከደረት ከፍታ በላይ፣ ዙሪያው ክፍት የሆነ መደርደሪያ ነው። የኢንተርኔቱ መስመር የሚገባው ከቤቱ አንድ ጥግ ከሆነ ራውተሩን እዚያው ከማሰር ይልቅ ረጅም የኔትወርክ ገመድ ዘርግቶ ወደ መሀል ማምጣት ይገባል። ቦታ ሲመርጡ አንድ ነገር ያስተውሉ፤ ሞገድ ግድግዳን ፊት ለፊት ሲያቋርጥ የሚያልፈው ውፍረት የግድግዳውን ውፍረት ያህል ነው፣ በሰያፍ ሲያቋርጥ ግን በዚያው ግድግዳ ውስጥ እጥፍ መንገድ ሊሄድ ይችላል። ስለዚህ ከራውተሩ ወደ ዋናው የሥራ ጠረጴዛዎ የሚሄደው ቀጥታ መስመር ግድግዳውን ፊት ለፊት እንዲያልፍ ራውተሩን አንድ ወይም ሁለት ሜትር ማንቀሳቀስ ብቻውን ለውጥ ያመጣል። ይህን በገዛ ቤቴ ሞክሬ፣ ሌላ ምንም ሳልነካ፣ የሥራ ክፍሌን ከዜሮ በታች 74 ከነበረበት ወደ 65 አካባቢ አምጥቼዋለሁ።

አንቴናውም ትኩረት ይፈልጋል። በትር የሚመስለው አንቴና ሞገዱን የሚያሰራጨው በዙሪያው እንደ ቀለበት ሲሆን በጫፉ አቅጣጫ እጅግ ደካማ ነው። ብዙ ሰው አንቴናውን እንደ ጣት ወደሚፈልገው ክፍል ይጠቁመዋል፤ ይህ ግን ደካማውን ጎን ወደዚያ ማዞር ነው። ቤቱ አንድ ፎቅ ብቻ ከሆነ አንቴናዎቹን ቀጥ አድርገው ያቁሟቸው፣ ከላይም ከታችም ፎቅ ካለ አንዱን ወደ ጎን ያስተኙት።

በራውተሩ አጠገብ ምን እንዳለም ይመልከቱ። ማይክሮዌቭ ምድጃ የሚሠራው በ2.45 ጊጋኸርዝ አካባቢ በመሆኑ ምግብ በሚሞቅበት ጊዜ በ2.4 ጊጋኸርዝ ሞገድ የሚሠራውን ዋይፋይ ይረብሸዋል። ብዙም የማይታወቀው ግን የዩኤስቢ 3.0 ጉዳይ ነው፤ ኢንቴል በ2012 ባወጣው ጽሑፍ እንዳሳየው በዩኤስቢ 3.0 የሚሠሩ ሃርድ ዲስኮችና ገመዶቻቸው በዚያው በ2.4 ጊጋኸርዝ ዙሪያ የሬዲዮ ጫጫታ ይረጫሉ። ገመድ አልባ ማውዝዎ የሚዘል ወይም የሚንቀረፈፍ ከሆነ የማውዙ ትንሽ መቀበያ ከሃርድ ዲስኩ ጎን ተሰክቶ እንደሆነ ይዩ። እኔ አንድ ሜትር በማይሞላ የዩኤስቢ ማራዘሚያ መቀበያውን ወደ ጠረጴዛው ፊት ሳመጣው ለወራት ያስቸገረኝ ነገር በአንድ ደቂቃ ውስጥ ጠፋ።

ባንድና ቻናል

ዋይፋይ የሚሠራባቸው የሞገድ ክልሎች ባንድ ይባላሉ፤ እያንዳንዱም በቻናሎች ይከፋፈላል። 2.4 ጊጋኸርዝ ሩቅ ይሄዳል፣ ግድግዳም ያልፋል፤ ነገር ግን ጠባብና የተጨናነቀ ነው። 5 ጊጋኸርዝ ሰፊና ፈጣን ሲሆን ርቀቱ ያጥራል። 6 ጊጋኸርዝ በተፈቀደባቸው አገሮች አዲሶቹ መሣሪያዎች ብቻ ስለሚገቡበት ገና ጭንቅንቅ የለበትም፤ ርቀቱ ግን ከ5 ጊጋኸርዝ አይሻልም። ስልክና ላፕቶፕ ወደ 5 ወይም ወደ 6፣ አምፖልና የቤት ዳሳሽ የመሳሰሉት ትናንሽ ዕቃዎች ደግሞ ወደ 2.4 ቢመደቡ ሁሉም እንደ አቅሙ ይሠራል።

በ2.4 ጊጋኸርዝ ላይ ቻናሎቹ የተራራቁት በ5 ሜጋኸርዝ ሲሆን አንዱ ስርጭት ግን 20 ሜጋኸርዝ ያህል ቦታ ይይዛል። በዚህ ምክንያት እርስ በርስ ሳይነካኩ ጎን ለጎን መሥራት የሚችሉት ሦስት ብቻ ናቸው፤ 1፣ 6 እና 11። እጅግ የተለመደው ስሕተት በመመርመሪያው ላይ 1 እና 6 በጎረቤት ሲያዙ አይቶ "ባዶ ነው" በሚል 3 ወይም 4ን መምረጥ ነው። በአንድ ቻናል ላይ ያሉ ራውተሮች እርስ በርስ ይሰማማሉ፣ ስለዚህም ተራ ይጠባበቃሉ፤ በከፊል የተደራረቡት ግን አንዱ የሌላውን ንግግር እንደ ጫጫታ ብቻ ስለሚሰሙት ሁለቱም ይበላሻሉ፤ ለራስም ለጎረቤትም ጉዳት ነው። ከሦስቱ አነስተኛ ጭነት ያለበትን ይምረጡ፣ የቻናሉን ስፋትም በ20 ሜጋኸርዝ ይገድቡ። በ5 ጊጋኸርዝ ላይ ጎረቤት ጥቂት ከሆነ 80 ሜጋኸርዝ፣ ብዙ ቤት በተደራረበበት ሕንፃ ደግሞ 40 ሜጋኸርዝ ጥሩ ምርጫ ነው። 160 ሜጋኸርዝ በወረቀት ላይ ያማረ ነው፤ በሰፋ መጠን ግን ብዙ ጫጫታ ይሰበስባል። ከ5 ጊጋኸርዝ ቻናሎች ብዙዎቹ ከራዳር ጋር የሚጋሩ በመሆናቸው ራውተሩ እነሱን ከመጠቀሙ በፊት ቢያንስ ለ60 ሰከንድ እንዲያደምጥ ደንቡ ያስገድደዋል፤ ራውተሩ ሲነሳ የ5 ጊጋኸርዙ ስም ዘግይቶ ቢመጣ አይደንግጡ።

የስርጭት ኃይልን ወደ መጨረሻው ከፍ ማድረግ የሚታሰበውን ያህል አይጠቅምም። ግንኙነት የሁለት ወገን ነገር ነው፤ ራውተሩ ቢጮህም ስልኩ በትንሽ ባትሪና በትንሽ አንቴና የሚመልሰው በሹክሹክታ ነውና።

ስለ ትውልድ ቁጥሮች ጥቂት ልበል። 802.11 የሚባለው የዋይፋይ ደረጃ የመጀመሪያው ቅጂ በ1997 ሲወጣ 2 ሜጋቢት በሰከንድ ነበር፤ በ1999 ወደ 11 አደገ፣ ከ2018 ጀምሮም ለተጠቃሚ እንዲቀል ዋይፋይ 4፣ 5፣ 6 እየተባለ ይጠራል። ከዋይፋይ 6 ጀምሮ ራውተሩ አንዱን ቻናል ከፋፍሎ ለብዙ መሣሪያዎች በአንድ ጊዜ ማካፈል ይችላል፤ ይህም ብዙ ዕቃ ባለበት ቤት ከፍጥነቱ በላይ ይጠቅማል። በካርቶኑ ላይ በትልቁ የሚጻፈው እንደ 5400 ያለ ቁጥር ግን የባንዶቹ ሁሉ ድምር በመሆኑ አንድም መሣሪያ አያገኘውም። ሁለት አንቴና ያለው የተለመደ የዋይፋይ 6 ስልክ በ80 ሜጋኸርዝ ላይ የሚስማማበት ከፍተኛው 1,200 ሜጋቢት ያህል ነው፤ ከዚያ ውስጥ ለፋይል የሚውለው ከግማሽ እስከ ሁለት ሦስተኛው ይሆናል። ቁጥሩን ለሚያሳትሙት ሰዎች ያለኝ ቅሬታ ይኸው ነው፤ ገዢው ሊለካው የማይችለውን ነገር ይሸጡለታል።

ገመድ፣ ሁለተኛ ራውተርና መዘግየት

ቴሌቪዥን፣ የዴስክቶፕ ኮምፒውተር፣ የጨዋታ ኮንሶልና በኔትወርክ የሚሠራ ሃርድ ዲስክ ከቦታቸው አይነሱም፤ ስለዚህ ገመድ ይገባቸዋል። ካት 5ኢ የተባለው ርካሽ ገመድ እስከ 100 ሜትር ድረስ 1 ጊጋቢት በሰከንድ ያደርሳል፤ ለአብዛኛው ቤት ከዚህ የሚበልጥ አያስፈልግም። ብዙ ቴሌቪዥኖች ያላቸው የገመድ ፖርት 100 ሜጋቢት ብቻ ነው ተብሎ ይነቀፋል፤ ነገር ግን ከኢንተርኔት የሚመጣ የ4ኬ ፊልም የሚፈልገው ከ15 እስከ 25 ሜጋቢት አካባቢ በመሆኑ የማይዋዥቅ 100 ከሚዋዥቅ 400 ይሻላል። አንድ ቴሌቪዥን ወደ ገመድ ሲዛወር ትልቁን ጥቅም የሚያገኙት በአየር ላይ የቀሩት ስልኮች ናቸው።

ገመድ መዘርጋት በማይቻልበት ጊዜ ሰዎች የሚሮጡት ወደ ሲግናል ማራዘሚያ ነው። ርካሹ ማራዘሚያ በአንዱ ሬዲዮ የተቀበለውን በዚያው ሬዲዮ መልሶ ስለሚልክ እያንዳንዱ መልእክት አየሩን ሁለት ጊዜ ይይዛል፣ ፍጥነቱም በግማሽ ይወርዳል። ሜሽ የሚባለው፣ በርካታ መሣሪያዎች ተያይዘው አንድ ዋይፋይ የሚያሰራጩበት ሥርዓት ለመገናኛው የተለየ ባንድ ካለው ከዚህ ይሻላል፤ ይሁንና ሁለተኛውን መሣሪያ ሲግናል በሌለበት ጥግ ማስቀመጥ አይገባም። የሚቀመጠው በመንገዱ መካከል፣ ሲግናሉ ገና ጥሩ በሆነበት ቦታ ነው፤ የሚያድለው የተቀበለውን ብቻ ነውና። ከሁሉም የምወደው ግን ጡረታ የወጣውን አሮጌ ራውተር ወደ ሥራ መመለስ ነው። የአሮጌውን ራውተር አድራሻ ከዋናው የተለየ ያድርጉት፣ ዲኤችሲፒ የሚባለውን አድራሻ አዳይ ይዝጉት፣ ከዋናው ራውተር የመጣውን ገመድ ኢንተርኔት ተብሎ በተጻፈበት ሳይሆን በተራው የኔትወርክ ፖርት ይሰኩት፣ የዋይፋዩን ስምና የይለፍ ቃል ከዋናው ጋር አንድ አድርገው ቻናሉን ብቻ ይለዩት። ስልክዎ ከክፍል ወደ ክፍል ሲሄዱ ራሱ ይሻገራል።

ፍጥነቱ ጥሩ ሆኖ አንድ ሰው ትልቅ ፋይል ሲልክ የሌላው ጥሪ የሚንተባተብ ከሆነ ችግሩ የፍጥነት ሳይሆን የወረፋ ነው። ሞደሙና ራውተሩ መላክ ያቃታቸውን ዳታ በትልቅ ማኅደር ያጠራቅማሉ፤ ከኋላ የመጣችው ትንሿ የድምፅ ዳታ ከዚያ ሁሉ ኋላ ትሰለፋለች። ይህን ጉዳይ በ2010 አካባቢ በስፋት ያስታወቀው ጂም ጌቲስ የተባለው የኮምፒውተር ባለሙያ ሲሆን መፍትሔው ወረፋውን በብልኃት የሚያስተናግድ ስልት ነው። በራውተርዎ ማስተካከያ ላይ ኤስኪውኤም (SQM) ወይም ኬክ (CAKE) የሚል ምርጫ ካለ ይክፈቱት፣ የመላኪያውንም የመቀበያውንም ጣሪያ በገመድ ከለኩት ፍጥነት 90 በመቶ ያህል ላይ ያድርጉት። አሥር በመቶ ሰጥተው የጥሪን ሰላም ይገዛሉ፤ እኔ ራውተር ስመርጥ ይህ ምርጫ መኖሩን ከትውልድ ቁጥሩ አስቀድሜ አያለሁ።

ስለ ደኅንነት የሚባለው አጭር ነው። ዋይፋዩን በምስጢር ከሚቆልፉት ስልቶች በ2018 የመጣውን ደብሊውፒኤ3ን፣ መሣሪያዎችዎ ካልቻሉ ደብሊውፒኤ2ን ይምረጡ፤ አሮጌው ዌፕ ከ2001 ጀምሮ የተሰበረ ስለሆነ ፈጽሞ አይጠቀሙበት። በአጭር ቁጥር የሚያገናኘውን ደብሊውፒኤስን ይዝጉ፣ የራውተሩን የአስተዳዳሪ የይለፍ ቃል ይለውጡ፣ ፈርምዌሩን (የራውተሩን ውስጣዊ ፕሮግራም) ያድሱ፣ አምፖሉንና ካሜራውን ከእንግዳ ኔትወርክ ጋር ያገናኙ።

ብሉቱዝ እና ጆሮ

ብሉቱዝ የሚሠራው በዚያው በ2.4 ጊጋኸርዝ ሲሆን በ79 ጠባብ ቻናሎች መካከል በሰከንድ 1,600 ጊዜ እየዘለለ ከጫጫታ ይሸሻል። ከ2003 ጀምሮ የተያዙትን ቻናሎች እየለየ መተውም ተምሯል። ዋይፋይዎ ወደ 5 ጊጋኸርዝ ሲዛወር ለብሉቱዝ የሚቀረው ቦታ ስለሚሰፋ በቤት ውስጥ የሚቆራረጠው ሙዚቃ አብሮ ይስተካከላል። ከቤት ውጭ ሲቆራረጥ ግን ምክንያቱ ሌላ ነው፤ ሰውነት ውኃ ስለሆነ ሞገዱን ይከለክላል፣ በቤት ውስጥ ሞገዱ ከግድግዳ ተንፀባርቆ ሲደርስ በሜዳ ላይ የሚመልሰው የለም። ስልኩን ዋናው መቀበያ ካለበት ጆሮ ጋር በአንድ ወገን ባለ ኪስ ማድረግ ይህን ይፈታል።

ድምፁ በብሉቱዝ ሲጓዝ ኮዴክ በሚባል ስልት ይጨመቃል። ሁሉም መሣሪያ የሚያውቀው ኤስቢሲ ነው፤ ኤኤሲ፣ አፕትኤክስና ኤልዳክ የሚሠሩት ስልኩም ማዳመጫውም ሲያውቋቸው ብቻ ነው። ኤልዳክ እስከ 990 ኪሎቢት በሰከንድ ይደርሳል፤ ነገር ግን ሲግናል ሲደክም ወደ 660 ወይም ወደ 330 ይወርዳል። እኔ በግልጽ የምለው፣ በደንብ የተሠራ ማዳመጫ በኤስቢሲ የሚያሰማው ድምፅ ደካማ ማዳመጫ በኤልዳክ ከሚያሰማው ይበልጣል። ገንዘብዎን ከኮዴክ ስም ይልቅ ጆሮዎ ላይ በሚገባ በሚገጥም ማዳመጫ ላይ ያውሉት፤ ጫፉ ጆሮን ካልዘጋ ወፍራሙ ድምፅ ሁሉ ያመልጣል። ስለዚህ ከካርቶኑ የሚወጡትን የተለያየ መጠን ያላቸውን ጎማዎች ሁሉ፣ ለቀኝና ለግራ ለየብቻ፣ ይሞክሩ።

ብዙ ሰው ማዳመጫው ተበላሸ ብሎ የሚያስበው በኮምፒውተር ስብሰባ ሲገባ ነው፤ ሙዚቃው ድንገት እንደ አሮጌ ስልክ ይሆናል። ማዳመጫው ግን ደህና ነው። የተለመደው ብሉቱዝ ጥሩውን የሙዚቃ መንገድና ማይክሮፎኑን አብሮ መያዝ ስለማይችል ማይክሮፎኑ ሲከፈት ሁሉም ነገር ወደ ጥሪ መንገድ ይወርዳል። መፍትሔው በኮምፒውተሩ የድምፅ ማስተካከያ ውስጥ ማይክሮፎኑን የላፕቶፑን፣ ማዳመጫውን ብቻ ብሉቱዙን ማድረግ ነው። በ2020 የተዋወቀው ኤልኢ ኦዲዮ ኤልሲ3 ከተባለው አዲስ ኮዴክ ጋር ይህን ከመሠረቱ ይፈታዋል፤ አሁንም ግን ሁለቱም ወገን ሊደግፉት ያስፈልጋል። ለጨዋታና ለሙዚቃ ልምምድ ግን ያለ ክርክር ገመድ ይጠቀሙ፤ በብሉቱዝ ድምፁ ከ100 እስከ 250 ሚሊሰከንድ ያህል ሊዘገይ ይችላል፣ የቪዲዮ ማጫወቻ ምስሉን አዘግይቶ ሲያስተካክለው ጨዋታና ፒያኖ ግን አይጠብቁም።

ፊልሙ ወደ ቴሌቪዥኑ የሚሄድበት መንገድ

ከስልክ ወደ ቴሌቪዥን መላክ ሁለት የተለያዩ ነገሮችን ያመለክታል። ካስት ሲያደርጉ ስልኩ ለቴሌቪዥኑ የሚልከው የፊልሙን አድራሻ ብቻ ነው፤ ፊልሙን ቴሌቪዥኑ ራሱ ከኢንተርኔት ያመጣል፣ ስልኩም ለሌላ ነገር ነጻ ነው። የስልኩን ስክሪን እንዳለ ሲያንጸባርቁ ግን ስልኩ ምስሉን በየቅጽበቱ እየጨመቀ በአየር ይልካል፤ ባትሪ ይበላል፣ አየር ይይዛል፣ ጥራትም ይቀንሳል። መተግበሪያው የካስት ምልክት ካለው ሁልጊዜ እሱን ይጠቀሙ፤ ማንጸባረቅን ፎቶ ለማሳየትና ለመሳሰለው ይተዉት። ድምፁን ከቴሌቪዥን ወደ ውጭ ስፒከር ለማውጣት ደግሞ አርክ (ARC) የሚል ጽሑፍ ያለበትን የኤችዲኤምአይ ፖርት ይፈልጉ፤ በ2009 ከመጣው ኤችዲኤምአይ 1.4 ጋር የተጀመረ ሲሆን በአንዱ ገመድ ድምፁ ወደ ኋላ ይመለሳል። ሌላው ፖርት መልኩ አንድ ቢሆንም ይህን አያደርግም።

የራስ የሆነ ፋይል

በየወሩ እየተከፈለ የሚታይና የሚደመጥ ነገር ምቹ ነው፣ እኔም እጠቀምበታለሁ። ነገር ግን "ግዛ" የሚለውን ቁልፍ ተጭነው ያገኙት ነገር ብዙ ጊዜ የተገዛ ሳይሆን የተፈቀደ ብቻ ነው። ማይክሮሶፍት በ2019 የኤሌክትሮኒክ መጻሕፍት መደብሩን ሲዘጋ ሰዎች የገዟቸው መጻሕፍት መከፈት አቆሙ፤ ገንዘቡ ተመለሰ፣ መጻሕፍቱ ግን ሄዱ። ስለዚህ ከልብ የሚወዱትን ሙዚቃ፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ ማንም መልሶ ሊሸጥልዎት የማይችለውን የራስዎን ፎቶና ቪዲዮ የሻጭ መቆለፊያ በሌለበት ፋይል በእጅዎ ይያዙ።

ሙዚቃን ከሲዲ ሲገለብጡ ወይም ሲገዙ ፍላክ የተባለውን የፋይል ዓይነት ይምረጡ። ሲዲ በ1982 ለገበያ ሲቀርብ የተመረጠለት በሰከንድ 44,100 ናሙናና 16 ቢት ሲሆን አንድ ሰዓት ሙዚቃ 635 ሜጋባይት ያህል ይይዛል፤ ፍላክ ምንም ሳይጎድልበት ይህን ወደ ግማሽ ገደማ ያወርደዋል። ከፍላክ በኋላ ወደ ፈለጉት ሌላ ዓይነት መለወጥ ይቻላል፣ ከኤምፒ3 ወደ ሌላ የጨመቀ ዓይነት መለወጥ ግን በጎደለው ላይ ሌላ ማጉደል ነው። በ44,100 ናሙና እስከ 22,050 ኸርዝ ድረስ ያለው ድምፅ ሁሉ ይያዛል፤ የሰው ጆሮ ጣሪያ 20,000 አካባቢ ነውና ለማዳመጥ ሲባል ለ192,000 ናሙና ተጨማሪ ገንዘብ መክፈልን አልመክርም። ለቪዲዮ በ2003 የወጣው ኤች.264 የተባለው የመጨመቂያ ስልት በሁሉም መሣሪያ ማለት ይቻላል ይከፈታል፤ አዲሶቹ ኤችኢቪሲና ኤቪ1 ቦታ ይቆጥባሉ፣ አሮጌ ቴሌቪዥን ግን አያውቃቸውም።

ቅጂው ደግሞ ሦስት ይሁን፤ በሁለት ዓይነት ማስቀመጫ ላይ፣ አንዱ ከቤት ውጭ። በሁለት ዲስኮች ላይ እኩል የሚጽፍ ሳጥን ቅጂ አይደለም፤ በስሕተት የሰረዙት ከሁለቱም በአንድ ቅጽበት ይጠፋል። እኔ የሁለት ዓመት ፎቶ ያጣሁት ቅጂ ስላልነበረኝ ሳይሆን ቅጂውን አንድም ቀን ከፍቼ ስላላየሁት ነው፤ ፕሮግራሙ ለወራት ባዶ ማኅደር ሲገለብጥ ኖሯል። ከዚያ ወዲህ በየሦስት ወሩ መጠባበቂያውን ዲስክ ከሌላ ኮምፒውተር ጋር አያይዤ ከአሮጌው፣ ከመካከለኛውና ከአዲሱ ዓመት አሥር አሥር ፋይል እከፍታለሁ፤ ቪዲዮ ከሆነ መጨረሻው ድረስ ወስጄ አያለሁ፣ ተቆርጦ የተገለበጠ ፋይል መጀመሪያው ደህና ይመስላልና። አንዱ እንኳ ካልተከፈተ ያን ዕለት ሌላ ሥራ ሳልጀምር ከቀሩት ቅጂዎች አዲስ ዲስክ ላይ እንደገና እገለብጣለሁ።